ተመልሶ የሚሄድ ፎቶ አንሺ

አርባ ምንጭ ፎቶ ማንሣት ለሚጀምር ሰው እጅግ የምታደላ ከተማ ናት። ሴቻ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሁሉ በግራው የአባያን ሐይቅ፣ በቀኙ የጫሞን ሐይቅ፣ በመካከላቸው እግዜር ድልድይን ያገኛል። ስልኩን አውጥቶ ቢጫን የሚያምር ነገር አያጣም። በጀልባ አዞዎች እስከሚታዩበት እስከ አዞ ገበያ ቢዘልቅ ወይም ወደ ጨንቻ ወጥቶ የዶርዜን ቤት ቢያነሣም ያው ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ለሐይቁ የተሰጠውን አድናቆት ፎቶ አንሺው ለራሱ ይወስደዋል፤ ዓመት ሙሉ ሲያነሣ ከርሞም በመጀመሪያው ሳምንት ካነሣው የማይለይ ፎቶ ይዞ ይቀራል። በእኔ እምነት በጋሞ ምድር ለጀማሪ የጎደለው የሚነሣ ነገር አይደለም፤ ካሜራም ቢሆን ዋናው ጉድለት አይደለም። የጎደለው ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ ተመልሶ መሄድ፣ ያነሡትንም ለሚፈርድ ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለተነሣው ሰው መልሶ ማሳየት ነው።

ልምምድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብዛትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ፤ ይህ ጥናት ከዓመታት በኋላ «10,000 ሰዓት የተለማመደ ይዋጣለታል» የሚል ወሬ ሆኖ ዓለምን ዞረ። ተመራማሪዎቹ አጥብቀው የያዙት ግን ሰዓቱን ብቻ አልነበረም። የሚያሳድገው ልምምድ አንድን ድክመት ለይቶ ለማረም የተሰናዳና ውጤቱ ቶሎ የሚታወቅ መሆን እንዳለበት ነው የጻፉት። በዚህ መለኪያ ሲታይ ስልክ ሙሉ ፎቶ መሰብሰብ ገና ልምምድ አይባልም። ያንኑ የሴቻ አፋፍ እንውሰድ። ጠዋት ፀሐይ ከሐይቆቹ ማዶ ስለምትወጣ ፊት ለፊት ሌንሱን ትመታለች፤ ውሃው ያንጸባርቃል፣ ከፊት ያለው ዛፍና ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባ መጥቶ የውሃውን ቀለምና የነጭ ሳርን ኮረብታዎች ይገልጣል። የጋሞ ተራሮች በምዕራብ ስለተገተሩ ደግሞ ፀሐይ ከመጥለቂያዋ ቀደም ብላ ከተራራው ጀርባ ትገባለች፤ ከተማው ጥላ ውስጥ ሆኖ ሐይቁ ማዶ ገና ይበራል። ከምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ ሽቅብ ትመዘዛለች እንጂ አድማሱን እየታከከች አትቆይም፤ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ይህን ማንም ሊነግረን ይችላል። የሚገባን ግን በአንድ ሌንስ፣ በአንድ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓት አንሥተን ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው።

ጥያቄ ይዞ መውጣት ማለትም ይኸው ነው። የአባያ ውሃ በተንሳፈፈ ደለል ቀላ ያለ ቡኒ ነው፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራው ዋይት ባላንሱ አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ፍሬሙን የሞላውን አንድ ቀለም እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያለዝበው ይሞክራል፤ አባያን አባያ የሚያደርገው ቀለም እዚያው ካሜራው ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ የአንድ ቀን ጥያቄ «ሁለቱን ውሃዎች ዓይኔ እንዳያቸው ለያይቼ ማምጣት እችላለሁ?» የሚል ሊሆን ይችላል። ሌላው ቀን ለነጠላና ለፊት ይሁን። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል፤ በመስቀል ዕለት ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንስና ነጠላው አመድ፣ የሰዎቹ ፊት ጥቁር ጥላ ይሆናል። ለፊቱ ብለን ብርሃን ስንጨምር ደግሞ የነጠላው ክርና ጥለት ይጠፋል። ለአሥርተ ዓመታት የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉ የነበረው ነጭ ሴት በተነሣችበት መለኪያ ካርድ መሆኑን ስናስታውስ፣ የእኛን ፊት በትክክል ማንሣት ከፋብሪካው ተዘጋጅቶ የመጣልን ነገር እንዳልሆነ ይገባናል፤ ሠርተን የምናገኘው ነው። ሰውየውን ከቀትር ፀሐይ አውጥቶ ደጃፍ ጥላ ሥር ማቆም ብዙውን ጊዜ ከውድ ሌንስ ይበልጣል። የጋሞን ባህላዊ ሸማ ዱንጉዛን ለሚያነሣም ቀዩ ቀለም ቶሎ እየሞላ የሽመናውን ዝርዝር እንደሚውጠው ማየት የራሱ ትምህርት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከዶርዜ ሸማኔ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሸማኔው አንድ ቦታ ተቀምጦ ያንኑ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። የሹተሩ ፍጥነት ሲጨምር መወርወሪያው በአየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ሲቀንስ እጁ ጭስ መስሎ ይዘረጋል፤ በሁለቱ መካከል እጁም ድካሙም የሚታይበት አንድ ፍጥነት አለ። ዛሬ ያልያዝነውን ነገ እንደገና እናገኘዋለን፤ አዞው ግን ለማንም ብሎ አፉን ዳግም አይከፍትም። ቤቱም ቢሆን ያስተምራል። ከቀርከሃ ተሸምኖ ሲሠራ ረጅም የነበረው የዶርዜ ቤት እግሩን ምስጥ እየበላው በዓመታት ውስጥ እያጠረ ይሄዳል። ለአንድ ቀን የመጣ ጎብኚ ይህን ሊያነሣው አይችልም፤ በየመስቀሉ እየተመለሰ ከዚያው ቦታ የሚያነሣ የጨንቻ ልጅ ግን ይችላል። ብዙ ጀማሪዎቻችን ይህን ዕድል ይዘው ሳለ የጎብኚን ዓይን ተውሰው አገራቸውን እንደ እንግዳ ሲያነሡ ማየት ያሳዝነኛል። በኦሞ ሸለቆ በፎቶ ልክ ገንዘብ መክፈል ከተለመደ ወዲህ ለካሜራ ብቻ የሚደረግ ጌጥና አቋቋም መጥቷል፤ እሱን መኮረጅ ቅጂን መቅዳት ነው።

«ዓይን የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ የሌለው ቢደክምም አያገኘውም» የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልሞግታቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በሙዚቃ በሰዎች መካከል ከሚታየው የችሎታ ልዩነት ዓላማ ያለው ልምምድ የሚያብራራው 21 በመቶ ያህሉን ነው፤ በስፖርት 18 በመቶ። የቀረው ከሌላ ነገር ይመጣል። ነገር ግን ከዚያ ከቀረው ውስጥ ምን ያህሉ በእጃችን ነው? ስንወለድ ያገኘነውን መቀየር አንችልም፤ ነገ ጠዋት በምን ጥያቄ እንደምንወጣ ግን እኛ እንወስናለን። «ካሜራው ውድ ነው» ለሚለውም መልስ አለ። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ እያነሣ፣ ከግርግሩ ነጥሎ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆመበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አስገኝቶለታል። እሱን ያስታወቀው በአንድ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ መሥራቱ ነው።

ልምምድ ብቻውን ግን ስሕተትንም ያጠነክራል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ማየት አለበት። በእኛ ዘንድ አስተያየት ሁለት መልክ አለው፤ ወይ በይሉኝታ የሚሰጥ «አሪፍ ነው»፣ ወይ ሞራል የሚሰብር ትችት። ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር አለ፤ የሚናገሩት ስለ ሰውየው ነው እንጂ ስለ ፎቶው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎቹ አቭራም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ ከ600 በላይ የጥናት ውጤቶችን ሲያነጻጽሩ አስተያየት በአማካይ ሥራን እንደሚያሻሽል፣ ከሦስት እጅ አንዱን በሚበልጡት ላይ ግን እንደሚያበላሽ አገኙ፤ ማብራሪያቸውም የሰሚው ሐሳብ ከሥራው ወጥቶ ወደ ራሱ ሲዞር ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። ላይክ ደግሞ ሰውየውን ከማስደሰት አልፎ ስለ ሥራው አንድ ቃል አይናገርም። ጋሞዎች ጉዳያቸውን የሚመክሩበት የዱቡሻ ሥርዓት አላቸው፤ ተናጋሪ በተራው ይናገራል፣ ሌላው ያደምጣል። የፎቶ አስተያየትም እንዲህ ቢሆን እመኛለሁ። ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚያየውን ብቻ ይናገር፦ ዓይኔ መጀመሪያ እዚህ አረፈ፣ ከዚያ ወደዚህ ሄደ፣ ይህ ሰው የተቆጣ መሰለኝ። አንሺው እስከዚያ ዝም ይበል። ሊል የፈለገውንና የተባለለትን ሲያስተያይ ክፍተቱን ራሱ ያገኘዋል። ዱቡሻ ስምምነት ይፈልጋል፤ በፎቶ ላይ ግን የተመልካቾቹ አለመስማማትም ለአንሺው ትልቅ መረጃ ነው።

ከሁሉም የምንረሳው ዳኛ የተነሣውን ሰው ነው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሣቻት ስደተኛ እናት ፎቶ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። እንደ ልምምድ ካየነው እጅግ ያስተምራል፤ ላንጅ በአንድ ፍሬም አልረካችም፣ ከሩቅ ጀምራ እየቀረበች፣ ዙሪያውን እየቀነሰች ነው እዚያ የደረሰችው። የሴትዮዋን ስም ግን አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ማንነቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ላንጅ ባታነሣት ኖሮ ደስ ይላት እንደነበር ተናግራለች። የተነሣን ሰው ፍርድ መጠየቅ ፎቶውን ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ ሰው ራሱን ቀጥ ብሎ፣ ከእግር እስከ ራሱ፣ ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሮ ማየት ይወዳል፣ እሱን ከሰማን የስቱዲዮ ፎቶ ብቻ ይተርፈናል ይላሉ። እውነትነት አለው። መስማትና መታዘዝ ግን አንድ አይደሉም። አንዲት እናት እንሰት ስትፍቅ የተነሣችውን ፎቶ አይታ «እጄን ቆርጠኸዋል» ብትል፣ ሥራው በእጅ መሆኑን ከማንም መምህር በተሻለ ለአንሺው ነግራዋለች። ሸማኔው «ድሩ እንዲህ አይያዝም» ካለ ፎቶው የተነሣው ለካሜራ ሲባል ከሥራው በተቋረጠ ቅጽበት ነው ማለት ነው። ይህን ዓይነት ዕውቀት የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚመዝን በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችም ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ለበቀል በተነሡ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች የሰላም ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፣ ወጣቶቹም ተመለሱ። ምስሉ በማኅበራዊ ሚዲያ አገሩን አዳረሰ። የሣሩን ትርጉም የማያውቅ ፎቶ አንሺ እዚያ ቢገኝ ሌንሱን ወደ ቁጣው ያዞር ነበር፤ የሚያውቅ ግን ዝቅ ብሎ የተንበረከከውን ሽማግሌ፣ የያዘውን ሣርና ቆሞ የቀረውን ወጣት በአንድ ፍሬም ለማግባት ቦታውን ይፈልጋል። የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው ሕዝቡን ማወቁ ነው።

በሰርግና በዩኒቨርሲቲ ምርቃት የሚተዳደር ወጣት ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ሊል ይችላል፣ እውነቱን ነው። ቢሆንም ምርቃት ማለት ጥቁር ጋዋን፣ ብሩህ ፀሐይና መቶ ፊት ነው፤ ለብርሃን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በ2003 ዓ.ም. በፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ለዓዋቂ የሚያሳዩበትን በር ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ግን ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በከተማችን በሲቀላና በሴቻ ያሉ የስቱዲዮ ባለቤቶች በወር አንድ ምሽት አንድ ግድግዳ ለጀማሪዎች ፎቶ ቢለቅቁ ወጪው ከወረቀቱ አያልፍም፤ እንዲያደርጉት እለምናለሁ። እናንተ ጀማሪዎች ግን ይህን አትጠብቁ። ስልካችሁ ውስጥ ካሉት የሰው ፎቶዎች አንዱን በዚህ ሳምንት አሳትማችሁ ለባለቤቱ አድርሱ፣ አይቶ የተናገረውንም ከፎቶው ጀርባ ጻፉት።