መጋጠሚያው የሚናገር ሕንፃ፦ የዳካው ፓርላማ አሠራርና ትርጉም

ግንበኛ ከሥራው ላይ አንድ ነገር ደብቅ ቢባል ምናልባት የሚደብቀው የትናንቱ አርማታ ከዛሬው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው። ካሳፎርማው ሲነሳ ጠርዙ ሻካራ፣ ቀለሙም የተለያየ ሆኖ ይጋለጣል፤ ብዙውን ጊዜ ልስን ያለብሱታል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የቆመው የፓርላማ ሕንፃ፣ ጃቲያ ሳንግሳድ ባባን፣ ይህንኑ መስመር ጌጡ አድርጎታል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም የሕንፃው ግርማ ከግዝፈቱ ይልቅ ከዚህ ውሳኔ ይመነጫል የሚል ነው።

ሥራው ለአሜሪካዊው አርክቴክት ለሉዊ ካን የተሰጠው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለ ነው። በ1971 የባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት ግንባታውን አቋረጠው። ካን በ1974 ሞተ፤ ሕንፃው የተጠናቀቀው በ1982 ነው።

ዳካ በወንዞች ደለል ላይ የተመሠረተች፣ ድንጋይ ብርቅ የሆነባት፣ ጡብ ግን የማይቸግራት ከተማ ናት። ካን በዙሪያው ላሉት ማደሪያዎች ጡብን፣ ለፓርላማው አርማታን መረጠ። ሠራተኞቹ ከቀርከሃ በታሰረ መወጣጫ ላይ እየወጡ ኮንክሪቱን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ያደርሱ ነበር። የግድግዳው ሙሌት በየ1.5 ሜትሩ እንዲቆም ተደረገ፤ በየመጋጠሚያውም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ዕብነ በረድ ገባ። ዕብነ በረዱ ሻካራውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ሥራው እዚህ ላይ ቆሞ እንደነበረ ግን ከሩቅ ይመሰክራል። 1.5 ሜትር ከሰው ትከሻ ብዙም የማይርቅ ልክ ነው። ስለዚህ መሐሉ 47 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሕንፃ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፣ ግዙፉን ነገር በራሱ ቁመት ልክ እየከፈለ ሊያነበው ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት በየተራ ተደርድረዋል፤ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው ጉጦችም ግድግዳውን የሚያስሩት እንጨቶች ጫፎች ናቸው። ማሰሪያው ራሱ ጌጥ ሆኗል። በላሊበላው ቤተ አማኑኤል ደግሞ የእንጨቱ መስመር ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ወጥቷል፤ እንጨቱ ቀርቶ ትዝታው በድንጋይ ላይ ታትሟል። የዳካው የዕብነ በረድ ቀበቶ የሚቀርበው ለደብረ ዳሞ ነው፤ ዛሬም እውነተኛ መጋጠሚያ ላይ ተቀምጧልና።

መዋቅሩም ይህንኑ ግልጽነት ይከተላል። ስምንት ማዕዘን ያለውን የጉባኤ አዳራሽ ስምንት ሕንፃዎች ከበውታል። በውጭው ግድግዳ ላይ የተቆረጡት ግዙፍ ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች መስታወት የላቸውም፤ መስኮቶቹ ከኋላቸው፣ በጥላ ውስጥ ናቸው። ፀሐዩንና የዝናብ ወቅቱን ውሽንፍር የሚቀበለው የውጩ ግድግዳ ሲሆን፣ ብርሃን ለስልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። የጸሎት አዳራሹ ከሕንፃው ቀጥተኛ መስመር ዘንበል ብሎ ወደ መካ ዞሯል፤ ይህም አልተሸፈነም።

ይሁን እንጂ ሕንፃን ማድነቅ ከጥያቄ አያሳርፍም። ከጦርነት ለወጣ ድሃ ሕዝብ ይህን ያህል ሀብትና ጉልበት በአንድ ሕንፃ ላይ ማዋል ይገባ ነበር? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ታሪክም አክብዶታል። ምክር ቤቱ በአዲሱ አዳራሽ መጀመሪያ የተሰበሰበው በየካቲት 1982 ነበር። በቀጣዩ ወር ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ያዘ። አርማታ ሕግን አይጠብቅም፤ ግርማ ያለው አዳራሽም የነፃ ጉባኤ ዋስትና አይሆንም።

ለእኔ የሕንፃው ትምህርት የሚገኘው እዚሁ መቋረጥ ላይ ነው። ይህ ግድግዳ ከመጀመሪያው መቆሚያ ተበጅቶለታል። ጦርነቱ ቢያቋርጠው፣ ነዳፊው ቢሞት፣ ሌላ እጅ ካለፈው ቀበቶ ላይ ተነሥቶ ሊቀጥለው ችሏል። ምክር ቤቱም ተበትኖ እንደገና ተሰብስቧል። በአንድ ትንፋሽ የተሠራ የሚመስል ሐውልት የአንድ ሰው ፈቃድ መታሰቢያ ይሆናል፤ መጋጠሚያውን የሚያሳይ ግን ለሚቀጥለው ሠራተኛ ቦታ ይተዋል። የሕዝብ ቤት ሊመስል የሚገባው ይህንን ነው።