በረዶ ወይስ አመዳይ?

ቱ ቢሽቫት በደረሰ ቁጥር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘው ከሚመጡት ሥዕል አንዱ ያበበ የሽኬዲያ ዛፍ ነው፤ አንዳንዴም በአበባው ላይ በረዶ ወርዶበታል። ሽኬዲያ ቅጠል ሳያወጣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ስለሚያብብ፣ በኢየሩሳሌም ተራሮች አበባውና በረዶው መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ቤርሳቤህ እንኳ በፌብሩዋሪ 1950 በረዶ ጥሏል።

ይህን ሥዕል በአማርኛ ስንገልጸው ግን እንስታለን። አንዲት እናት እንዳጫወተችን፣ ልጇ «በለውዝ አበባ ላይ በረዶ ወረደ» ብላ ለአያቷ ተረጎመችላቸው። አያትየዋም «ኧረ ጉድ! ታዲያ ፍሬው አለቀ በይኛ!» አሉ። ልጅቱ ሥዕሉ ያልገባቸው መስሏት ሳቀች። እኛ ግን የምንፈርደው ለአያትየዋ ነው።

በወገራና በስሜን ላረሰ ሰው በረዶ ማለት በባቄላ አበባ ላይ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው፤ አበባውን አርግፎ የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ያጠፋል። ዕብራይስጥ ይህን «ባራድ» ይለዋል፤ በግብፅ ላይ የወረደው ሰባተኛው መቅሠፍት እርሱ ነው። እንደ ባዘቶ በቀስታ የሚወርደው ደግሞ «ሼሌግ» ነው። የዕለት አማርኛችን ሁለቱንም በረዶ ብሎ ይጠቀልላቸዋል።

በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ወላውሏል። ያው «ሼሌግ» በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 «አመዳይ»፣ በመዝሙር 51 ግን «በረዶ» ተብሏል፤ የግዕዙም ዳዊት «በረድ» ይላል። በመዝሙሩ የተፈለገው ንጣቱ ስለሆነ ጉዳት የለውም። አበባ ላይ ሲሆን ግን የቃሉ ምርጫ ውበቱን መቅሠፍት ያደርገዋል። አመዳይ በጥብቅ ቢታይ ሌሊት መሬት ላይ የሚጋገር ነጭ ውርጭ ነው፤ ቢሆንም ለሥዕሉ ከበረዶ ይልቅ ይቀርባል።

ለውዝም እንዲሁ ያሳስታል። በኤርምያስ ምዕራፍ 1 ነቢዩ ያየው የ«ሻኬድ» በትር የለውዝ በትር ተብሎ ተተርጉሟል። ቃሉ በጥንት ፍቺው ትክክል ነው፤ ዛሬ ግን ለውዝ ስንል ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። ኦቾሎኒ ከመሬት ሥር የሚያፈራ ስለሆነ አመዳይ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ የለውም። ዕብራይስጡ «ሻኬድ»ን ከ«ሾኬድ»፣ ማለት ከሚተጋው ጋር የገጠመበት ቅኔም በአማርኛ ጠፍቷል። ስለዚህ ሽኬዲያን በስሙ ጠርተን የኮክ ዘመድ ነው ብንል፣ ኮክ በጓሮው ያበበለት ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ወላጆቻችን በረዶ አያውቁም የሚለውም ወሬ ይታረም። ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን ከአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ ስለሚሰጥምበት በረዶ ይናገራል።

ደግሞም የሽኬዲያ ገበሬ በአበባ ወራት ውርጭን ይፈራል፤ አበባው ከተመታ ፍሬ የለም። አያትየዋ ሥዕሉን ያዩት በገበሬ ዓይን ነው። በሚቀጥለው ቱ ቢሽቫት ከሥዕሉ ሥር ቃል ከመጻፋችን በፊት እንደ እርሳቸው ያሉትን አዛውንቶች ቀድመን እንጠይቅ።