ሽምደዳ ላይ የፈረደችው ዓረፍተ ነገር

የሳይኮሎጂ መግቢያ ኮርስ የወሰደ ሰው ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፦ የአጭር ጊዜ ትውስታ በድምፅ ይመዘግባል፣ የረጅም ጊዜ ትውስታ ደግሞ በትርጉም። ፈተና ላይ ትመጣለች። እኔም ሸምድጄ ጽፌያታለሁ፣ ነጥቤንም አግኝቻለሁ። ቆይቶ ግን ነገርየው ከነከነኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ አያቴ ናቸው።

አያቴ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ይዘውታል። የያዙት በልጅነታቸው፣ የኔታ ፊት ተቀምጠው ነው። ግእዝ ግን አያውቁም። አንዳንዱ ቃል ለአማርኛ ስለሚቀርብ ይገባቸዋል፤ ሌላውን «እንጃ ልጄ» ብለው ያልፉታል። የሐሙሱን ከመካከል ጀምሩልኝ ካልኳቸው ይጠፋባቸዋል። ከመጀመሪያው ሲነሡ ግን እንደ ውኃ ይወርዳል። ሰባ ዓመት ገደማ ሆነው እኮ! ይሄ የረጅም ጊዜ ትውስታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዓረፍተ ነገሯ ከየት መጣች? እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዛዊው አለን ባድሊ ለተሳታፊዎች የቃላት ዝርዝር ሰጠ። አንዱ ዝርዝር ድምፃቸው የሚመሳሰል ቃላት ነበሩት፤ በአማርኛ ብናስበው ጠላ፣ ገላ፣ ጥላ፣ ዱላ እንደማለት ነው። ሌላው ትርጉማቸው የሚቀራረብ፦ ትልቅ፣ ግዙፍ፣ ሰፊ፣ ረጅም። ሥራው ቃላቱን በቅደም ተከተላቸው መመለስ ነው። ወዲያው ሲጠየቁ ያምታታቸው የድምፅ መመሳሰል ነበር። አሥር ቃላት ደጋግመው አጥንተው ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ያስቸገራቸው የትርጉም መቀራረብ ሆነ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ያምታታህ ነገር የመዘገብክበትን መንገድ ያሳብቃል።

ሙከራው ያምራል። ቅር የሚለኝ ከእሱ የተቀዳው ድምዳሜ ነው። 20 ደቂቃ ሰባ ዓመት አይደለም። ዜማ የሌላቸው፣ እርስ በርስ የማይያያዙ ቃላትም ጸሎት አይደሉም። ደግሞስ ተሳታፊዎቹ የቃላቱን ትርጉም ያውቁ ነበር። ትርጉሙን የማያውቅ ሰው በምን ይይዛል? ይህን ሙከራው አልጠየቀም።

በ1975 ፈርገስ ክሬይክና ኤንደል ቱልቪንግ ነገሩን አጠናከሩት። ስለ እያንዳንዱ ቃል ተሳታፊውን ይጠይቁታል፦ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የተጻፈው? ከዚህኛው ቃል ጋር ቤት ይመታል? በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል? በኋላ ሲፈትኗቸው በደንብ የታወሱት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሞከሩት ቃላት ሆኑ። ስለ ትርጉም ማሰብ «ጥልቅ»፣ ፊደልና ድምፅ ማየት «ጥልቀት የሌለው» ተባለ። ሽምደዳም በዚሁ ተፈረደበት።

ግን በ1977 ሞሪስ፣ ብራንስፎርድና ፍራንክስ ፈተናውን ራሱን ቀየሩት። «ከአጠናችኋቸው ቃላት ከአንዱ ጋር ቤት የሚመታው የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቃላቱን በድምፅ ያጠኑት ትርጉሙ ላይ ካተኮሩት በለጡ። ስለዚህ በራሱ ጥልቅ የሚባል አጠናን የለም። ወሳኙ አጠናኑ በኋላ ከሚመጣው ጥያቄ ጋር መግጠሙ ነው። ዴቪድ ሩቢንም በ1995 በቃል ስለሚተላለፉ ግጥሞችና የልጆች ጨዋታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ትርጉም፣ ምትና ቤት መምቻ ተጋግዘው ቀጣዩን ቃል እንደሚጠቁሙ አሳይቷል። አያቴ ከመካከል መጀመር ያቃታቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱን ቃል የሚጠራው ከፊቱ ያለው ነው።

ታዲያ ሽምደዳ ይለምልም ማለቴ ነው? አይደለም። የ1977ቱ ሙከራ ሁለት አፍ ያለው ቢላ ነው። የየኔታ ፈተና «በል ውጣው» ነበር፤ አያቴም ለዚያ ፈተና በትክክል ተዘጋጅተዋል። እኛም ፈተናችን የደብተሩን ቃል ስለሚጠይቅ የደብተሩን ቃል ያዝን። ሥራ ላይ ስንወጣ ግን ሕይወት ሌላ ጥያቄ ጠየቀችን፣ አፋችን ተያዘ። ጥፋቱን «ልጆቹ ስለሚሸመድዱ ነው» ብሎ ጭንቅላታችን ላይ መጣል ቀላል ነው። ጥያቄውን ያወጣው ማን ነበር ማለት ግን ይከብዳል።

ባለፈው ለአያቴ የሐሙሱን የአማርኛ ትርጉም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?» አሉ። ሰባ ዓመት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።