የወላጅ ቃልና የአስተርጓሚ ቃል በትምህርት ጥናት ዘገባዎች

የኢትዮጵያ ትምህርት ስለ ቋንቋ ብዙ አስቦበታል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። ሕፃኑ በቋንቋው እንዲማር ይህን ያህል ሲታሰብ፣ ወላጁ በቋንቋው የሰጠው ቃል ከጥናት ዘገባ ላይ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ብዙውን ጊዜ ዘገባው የገበሬውን ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ በጠራ አማርኛ ያቀርባል፤ ቃለ መጠይቁ በምን ቋንቋ እንደተካሄደና ማን እንዳስተረጎመ ግን አይገልጽም። አንባቢውም የወላጁን ቃል ያነበበ ይመስለዋል፤ ያነበበው ግን የአስተርጓሚውን ነው።

ጉዳቱ በምሳሌ ይታይ። «ልጅዎ ትምህርቱን ለምን አቋረጠ?» የሚለው ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ «አዳን ኩቱ» በሚለው ሐረግ ሲቀርብ መቋረጡን ያመለክታል፤ አስተርጓሚው «ዺሱ» ቢል ግን በገዛ ፈቃድ መተውን ሊያሰማ ይችላል፤ ወላጁም ምክንያቱን ከማስረዳት ይልቅ ልጁን ወደ መከላከል ያዘነብላል። በመልስም በኩል እንዲሁ ነው። አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን ከሩቅ ትምህርት ቤት ስላስቀሩበት ምክንያት «ሰፉ» ብለው ቢመልሱ፣ ቃሉ አክብሮትን፣ ተገቢነትንና ክልክልነትን አንድ ላይ የያዘ ነው። አስተርጓሚው «ነውር» ይለዋል፤ አጥኚው ከ«ጎጂ ባህል» ይመድበዋል። እናት ሊሉ የፈለጉት ግን ልጅቱ ብቻዋን ረጅም መንገድ ልትሄድ አይገባም ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሣ ዕቅድ አውጪው በአቅራቢያው ትምህርት ቤት በመክፈት ፈንታ ቅስቀሳ ያዝዛል።

አስተርጓሚው የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ላይ ያለውን ቅሬታ በመምህሩ አንደበት ሊያስተላልፍ አይደፍርምና።

ይህ ሲባል ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አጥኚ ሁሉንም ቋንቋ ሊያውቅ አይችልም፤ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ማስተርጎምም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ሆኖም ቋንቋውንና አስተርጓሚው ከተጠያቂው ጋር ያለውን ግንኙነት መግለጽ፣ በተጠያቂው ፈቃድ ንግግሩን መቅረጽ፣ ከተቀረጸውም ጥቂቱን ለሌላ ተርጓሚ ሰጥቶ ማመሳከር፣ አቻ የሌለውን ቃል እንዳለ አስፍሮ መፍታት ከአቅም በላይ አይደለም።

መምህራንና ዕቅድ አውጪዎችም ይህን ያላሟላ ዘገባ ሲቀርብላቸው፣ ጥቅሱን በማስረጃነት ከመቀበላቸው በፊት «ይህ የማን ቃል ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።