በብረትና በደንገል

የጀልባዋ ላሜራዎች ጠርዝ ለጠርዝ አልተገጣጠሙም። አንዱ በሌላው ላይ ሦስት ጣት ያህል ተደርቧል። በድርቡ ላይ ሁለት ረድፍ ሪቬት ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል። ረድፎቹ ትይዩ ቢሆኑም ሪቬቶቹ ጎን ለጎን አልቆሙም፤ የታችኛው ሁልጊዜ ከላይኞቹ ሁለት መካከል ይውላል። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ይራራቃሉ፣ ላሜራውም የቀዳዳውን መስመር ተከትሎ ለመቀደድ መንገድ አያገኝም። አናታቸው ክብ ነው። እጄን ሳሳልፍባቸው ቁመታቸው እኩል ነው፤ ከግራ በኩል አንዱ ብቻ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ዛሬ ላሜራን ከላሜራ የሚያገናኘው ብየዳ ነው። ሪቬት የአሮጌ ጀልባ ምልክት ነው፤ ሥራውም የአንድ ሰው አይደለም። ብረቱ ፍም እስኪመስል ይግላል፣ በቀዳዳው ይገባል፣ በአንድ በኩል አንዱ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ በሌላው በኩል ሌላው ጫፉን እየመታ አናት ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠራው ቅዝቃዜው ነው። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሲያጥር ሁለቱን ላሜራ ስቦ ያጣብቃል። በመጨረሻ የድርቡ ጠርዝ በደነዘ መሮ ይመታና ወደ ታችኛው ላሜራ ይጠቀጠቃል። ይህ ጠርዝ በዚህች ጀልባ ላይ አሁንም ይታያል። ቀለም ብዙ ጊዜ ተደራርቦበት እንኳ የመሮው ምት ከምት እኩል ተራርቆ ይነበባል።

ይህን ያየሁት ባሕር ዳር ወደቡ ላይ፣ ቤተሰባችን ሻንጣና ስንቅ ይዞ ሲሳፈር ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንዳለፈ ከእንጅባራ ተነስተን በዳንግላ አድርገን ወረድን። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ መንገድ 700 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ልጆቹ ካፖርታቸውን ያወለቁት መርዓዊ ሳንደርስ ነው። እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ጋቢያቸውን አልለቀቁም።

በዚያን ጊዜ የጀልባዋ የሳምንት ጉዞ እሁድ ጠዋት በ1 ሰዓት ይጀምር ነበር። ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን ነክቶ ቁንዝላ ያድር ነበር። በማግሥቱ በደልጊ አልፎ ጎርጎራ ይገባ ነበር። ጤፍ፣ ዶሮ፣ የዘጌ ቡናና ሰው አብረው ይጫኑ ነበር። ለእኛ ግን ይህ የዕረፍት ጉዞ ነበር፤ የምንቸኩልበት ጉዳይ አልነበረንም።

ልጆቹ ሐይቅ ሲባል የሚያውቁት ዘንገናን ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፤ ዙሪያው በእግር ይዞራል፣ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። ጣና ተቃራኒው ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዳርና ዳሩ ደግሞ ደንገል የሚያበቅል ጭቃ ነው። የጀልባዋን ቅርጽ የወሰነው ይህ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰውና ጭነት ይዛም ውሃ ውስጥ የምትገባው ጥቂት ነው። አፍንጫዋ አጭርና ሹል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎኗ ወዲያው ሰፍቶ ቀጥ ይላል። ጠፍጣፋ ሆድ ዳር ድረስ ያስጠጋል። ዋጋ ደግሞ አለው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ማዕበሉን አትሰነጥቀውም፣ ትረግጠዋለች። ባለ ጀልባዎቹ በጠዋት መነሳት የሚወዱት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከባሕር በዓባይ ሽቅብ ተጉዞ ጣና የሚገባ መርከብ የለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መንገዱን ዘግቶታል። ስለዚህ ጣና ላይ የሚንሳፈፍ ብረት ሁሉ በየብስ የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በተሳቢ ላይ ተጭና ስትነሳ ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ አይቷታል። እሷ በሙሉ አካሏ ነው የተጓዘችው። ቀደም ባለው ጊዜ ግን ቀላሉ መንገድ ተበታትኖ መጥቶ ዳር ላይ መገጣጠም ነበር። ያ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ሪቬቱን ለሚያይ ነው። ቀዳዳው ሌላ አገር ይበሳል፤ የሚገጥመው እዚህ ነው። የሁለት ላሜራ ቀዳዳ በግማሽ ሪቬት ውፍረት እንኳ ከተዛነፈ ሥራው ይቆማል።

መቀመጫዎቹ ዋንዛ ናቸው። ጣውላዎቹ መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል፤ ዝናብም የልጅ ሻይም በዚያ ይወርዳል። የፊት ጠርዛቸው ከጉልበት ጀርባ እንዳይቆረቁር ተሞርዶ ክብ ሆኗል። ብሎኖቹ ወደ ውስጥ ሰምጠው በላያቸው በዋንዛ ቁራጭ ተደፍነዋል። አናጺው ቁራጮቹን ሲደፍን ጅማታቸውን ከጣውላው ጅማት ጋር አስተካክሎ ነው፤ ጣት ሳይነካቸው ዓይን አያገኛቸውም። ሁለት ጣውላ በኋላ ዘመን በባሕር ዛፍ ተተክቷል። ጫፋቸው ተጠማዟል፣ ብሎናቸውም ከላይ ይታያል። ልዩነቱ የእንጨቱ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍም ጊዜ ተሰጥቶት በጥላ ቢደርቅ ኖሮ ይህን ያህል አይጠማዘዝም ነበር።

የሞተሩ ክፍል በኋላ በኩል በብረት ክዳን ሥር ነው። ባለሙያው አዛውንት ናቸው፤ ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ክዳኑን ከፍተው አሳዩን። ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ፕሮፔለሩ ውጭ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ የጀልባዋን ብረት በስቶ ይወጣል። ዘንጉ መዞር አለበት፣ ውሃው መግባት የለበትም። ይህን የሚያስታርቀው በዘንጉ ዙሪያ ያለ አጭር የነሐስ እጅጌ ነው። በውስጡ በግራሶ የተነከረ የጥጥ ገመድ በቀለበት በቀለበት ተቆርጦ ተጠቅጥቋል፤ ከላዩ የነሐስ አንገት በሁለት ዳዶ ይጫነዋል። የአንዱ ቀለበት መገጣጠሚያ ከሌላው ቀለበት መገጣጠሚያ ጋር እንዳይገናኝ ተዟዙሮ ነው የሚገባው፤ ያለዚያ ውሃው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት በር ያገኛል። ላሜራው ላይ ካሉት ሪቬቶች አሰላለፍ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው።

ታናሿ ልጃችን ጎንበስ ብላ እያየች፣ «ጋሼ፣ ውሃ እየገባ ነው!» አለች።

«ይግባ እንጂ ልጄ። የሚያስፈራኝ ያልገባ እንደሆነ ነው።»

ከአንገቱ ሥር ጠብታ ይወርዳል፤ ይቆይና ሌላ ይከተላል። ጋሼ አስረዷት። ዳዶው በጣም ከጠበቀ ገመዱ ዘንጉን ያንቀዋል፣ ያግለዋል፣ ውሎ አድሮ ይበላዋል። ከላላ ደግሞ ውሃው ይበዛል። ጠብታዋ ዘንጉን ታቀዘቅዛለች፣ ታለሰልሳለች። ስለዚህ ልኩ መድረቁ አይደለም፤ ዘንጉ ሲዞር ጥቂት ጠብታ ነው። ከሥር የሚጠራቀመውን በፓምፕ ያወጡታል። ዳዶዎቹን ሲያጠብቁ ሁለቱን እኩል ነው። አንዱ ከቀደመ አንገቱ ያዘነብልና በአንድ በኩል ዘንጉን ይነካል። የእጃቸውን ጀርባ ነሐሱ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ይለካሉ፤ መዳፍ በሥራ ደንድኗል፣ የእጅ ጀርባ አይዋሽም አሉ።

ዘጌ ስንደርስ ዳሩ ላይ ታንኳ ተደርድሯል። ጀልባዋ ጭነት እስክታወርድ ብዙ ትቆያለች፤ ወርደን አጠገባቸው ቆምን። በጣና ታንኳን በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እዚህ ሪቬት የለም፣ ዳዶ የለም፣ ምስማርም የለም። ያለው ደንገልና ማሰሪያ ነው።

የደንገል ዘንግ ክብ አይደለም። ሦስት ጎን አለው፣ ማዕዘኖቹ ደነዝ ያሉ ናቸው። አንድ እፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ዘንጎቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ መካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ ትንሽ ነው። ላዩ አረንጓዴና ልሙጥ ልጣጭ ነው፤ ውስጡ ነጭና ቀላል፣ አየር የሞላው። ጥፍር ሲጫኑበት ይሰረጉዳል። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፤ እርጥብ ከሆነ ይከብዳል፣ አለቅጥ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል። በሁለቱ መካከል ሲደርስ በእስር በእስር ይጠቀለላል። እስሮቹ ጎን ለጎን ይጠፈራሉ፣ ዳር ዳሩ በሌላ እስር ከፍ ይላል። ፊቱ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ያንን ቅስት የያዘው ውስጡ ያለ እንጨት አይደለም፤ የማሰሪያው ጥብቀት ነው። ከውስጥ ደግሞ ሌላ የደንገል ንጣፍ ተደርቧል፤ ሰውና ጭነት የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው።

ብረቷ ጀልባ ውሃን በጠብታ ታስገባለች። ታንኳ ጭራሽ አትከለክልም። ውሃው በእስሮቹ መካከል ይገባል፣ በዚያው ይወጣል፤ የላዩ ንጣፍ ግን ከውሃው ከፍ ስላለ ቀዛፊው ደረቅ ይቀመጣል። የሚቀዳ ውሃ የላትም፣ የምትሰምጥበት ቀዳዳም የላትም። ጠላቷ ጊዜ ነው። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ከሐይቁ ተጎትታ ዳር ላይ ትሰጣለች። ያም ሆኖ የምታገለግለው ለወራት እንጂ ለዓመታት አይደለም። የሠራት ሰው ይህን እያወቀ ነው ማሰሪያውን ያን ያህል አስተካክሎ ያራራቀው።

እማማ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፌት ሰፍተዋል፤ ወስፌ የያዙበት ጣታቸው ጎብጧል። ጎንበስ ብለው አንዱን ማሰሪያ በጣታቸው ተከተሉት።

«ጫፉን የት አደረስከው ልጄ?» አሉት ባለ ታንኳውን።

እሱም እስሩን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አሳያቸው። የማሰሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ተመልሶ በራሱ ጥምዝ ሥር ገብቷል። ቋጠሮዎቹ በሙሉ ከላይ ናቸው፤ ከታች ቢሆኑ ሲጎተት መሬት ይበላቸዋል አላቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመሶብም ጫፍ የሚደበቀው እንዲሁ ነው፤ ስፌት የሚፈታው ከመጨረሻው ስለሆነ።

መቅዘፊያው ቀርቀሃ ነው። እዚህ ላይ የእንጅባራ ሰው ዝም አይልም። በእኛ አገር ቀርቀሃ በጓሮ ይበቅላል፤ ወንበሩም አጥሩም አልጋውም እሱ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርቀሃ ለሥራ አይቆረጥም፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። የባለ ታንኳው ቀርቀሃ የደረሰ ነው። አንጓዎቹ ተፍቀው ለስልሰዋል፣ መሐሉ ላይ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ቀዛፊው መሐሉን ይዞ አንዱን ጫፍ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ያጠልቃል። ከእጁ ቢያመልጥ አይሰምጥም፤ በእያንዳንዱ አንጓ መካከል የተዘጋ አየር አለ።

የጣና ደንገል ውቅያኖስም ሞክሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና ዳር ደንገል አስጭኖ ግብፅ ወሰደ፤ የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነስታ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ ከመድረሷ በፊት ኋላዋ ሰምጦ ተተወች። ምክንያቱ ገመድ ነበር። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ወደ ላይ የተቀለበሰውን የኋላ ጫፍ ከጀልባው ወለል ጋር የሚያስር ገመድ አለ። ገመዱ ቅስቱን ለማበጀት ብቻ ያገለገለ መስሏቸው አነሱት። ሥራው ግን ኋላውን እንደ ተወጠረ ደጋን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች «ራ 2»ን አሳጥረውና አጥብቀው ሠሩ፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነበር። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ማሰሪያው ትክክል ሲሆን ደንገሉ አትላንቲክን ቻለ።

ቁንዝላ አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ረጋ ያለ ነበር፤ ደልጊን አልፈን ጎርጎራ ገባን። ልጆቹ ወደ ደብረ ሲና ማርያም ለመሄድ ተጣደፉ። እኔና ታናሿ ክዳኑ አጠገብ ቀረን። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው የእጃቸውን ጀርባ ነሐሱ ላይ አሳረፉ። ሞቅ ብሏል አሉ። መፍቻውን አንስተው ግራውን ዳዶ ከስድስት ጎኑ የአንዷን ያህል ብቻ አላሉት፤ ቀኙንም ያንኑ ያህል። ከዚያ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተው ጠብታውን ከልጅቷ ጋር ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሲበዛባቸው ቀኙን ጥፍር ያህል መለሱት፤ ግራውንም እኩል።