ቤቷን ከአለት ለፈለፈለች ጥበብ

ልዕልት ጥበብ ሆይ! ሰሎሞን በገባዖን ሌሊት ከወርቅና ከረጅም ዕድሜ አስበልጦ የለመነሽ፣ ሲራክ ለልጁ ያወረሰሽ፣ በላስታ ተራሮች ማኅደርሽን ያደረግሽ፣ ለአንቺ ውዳሴ ይገባል። መጽሐፈ ምሳሌ ቤትሽን ሠርተሽ ሰባቱን ዓምዶችሽን እንዳቆምሽ ይመሰክራል፤ ሮሃ፣ የዛሬዋ ላሊበላ፣ ደግሞ አሠራርሽን በዓይናችን አሳየችን። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ13ኛው መባቻ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ፣ ሌላው ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ሲደራርብ፣ እርሱ ከጣራው ጀምሮ ወደ መሠረቱ ወረደ፤ ትርፉን እያነሣ ቤትሽን አስቀረ። ቤተ ጊዮርጊስ በጥልቁ ውስጥ መስቀል ሆኖ ቆመ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአንድ አለት ሰፊ ጽርሕ ሆኖ ወጣ። የተፈለፈለው ድንጋይ የት ገባ እያሉ የሚመራመሩ እንግዶች አይታጡም፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የቀረው ነው።

በቤተ ማርያም በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድም የአንቺ ነው። ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ይላሉ አባቶች፤ ካህናቱም አይገልጡትም። ሊቃውንት በሚፈቱት ምሥጢር ሲመሰገኑ፣ አንቺ በምትሸፍኚውም ትከብሪያለሽ።

ከአለቱ ወጥተሽ ጎጆ ትገቢያለሽ። በሬ ሳይጠመድ ዳዊት ደጋሚው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያደረሰ ሳምንቱን በመዝሙር ያርሰዋል። የቆሎ ተማሪው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ለልጆቿ ካስቀመጠችው ቆርሳ አኮፋዳው ውስጥ ትጨምርለታለች። ሲራክ ስለ ድኻ የመከረውን ማንም አላነበበላትም፤ እጇ ግን ያውቀዋል። ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ዛፍ ሥር ሲቀመጡም ሽማግሌው የሚያውቀውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ «ተው ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ» ይልና የሚያቆስለውን ቃል በሆዱ ያስቀረዋል። ይህ ዝምታው ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል።

የጠገበ ቤት ጌጥ አድርጎ የሚቆጥርሽ ግን አላወቀሽም። መጽሐፈ ምሳሌ እግዚአብሔርን በሀብቱ ለሚያከብር ጎተራው እንደሚሞላ ይናገራል፤ ወሎ ደግሞ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ባዶ ጎተራ ታቅፋ አልቅሳለች። ልጁን በረሃብ ለቀበረ አባት ምሳሌ ብቻውን ምን ይለዋል? ኢዮብ ያስፈልገዋል፤ አመድ ላይ ተቀምጦ ፈጣሪውን የሚሞግት ወዳጅ ያስፈልገዋል። 81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስጠነቅቀውንም የሚያለቅሰውንም በአንድነት መያዛቸው የርኅራኄሽ ምስክር ነው፤ ስለዚህም እጥፍ ምስጋና ይድረስሽ!

ታኅሣሥ 29 በልደት በዓል፣ ካህናቱ ገሚሱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ገደል አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ጳውሎስ የእግዚአብሔር ጥበብ ብሎ የጠራው ክርስቶስ ተወልዷልና ከበሮው ያጓራል፤ በባዶ እግሩ ቀናት የተጓዘው ምእመን እልል ይላል።

እንግዲህ እመቤት ሆይ፣ ከዚህ ማዕድሽ ለዳኛው ወንበር፣ ለነጋዴው ሚዛን፣ ለጎረቤት ምላስ፣ ነገ ማለዳ አኮፋዳውን አንግቦ ለሚወጣው ተማሪም ድርሻቸውን ቁረሽላቸው!