የበዓል ዋዜማ ጽዳት

በእኔ ሙያ፣ በአኳሪየም እንክብካቤ፣ የበዓል ማግስት ሥራ ይበዛል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ሳሎን ያለው አኳሪየምም ለእንግዳ እንዲያምር ተብሎ ይታጠባል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ስልኬ ይጮኻል። «ዓሣዎቹ ውሃው አፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ራባቸው እንዴ?» ይሉኛል። አልራባቸውም፤ እየታፈኑ ነው።

ዓሣ የሚሞተው በቆሻሻ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። እኔ ካየሁት ግን በጽዳት የሚሞተው ይበልጣል።

ዓሣ ከሚበላው ምግብ የተረፈውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያወጣል። እዳሪውና ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስም በላዩ ይጨምርበታል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን አሞኒያው በሰፊው ውሃ ይበተን ነበር፤ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሣውን የሚያተርፉት በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ ሲቀየር አብሮ ይወጣል። ስፖንጅ ሲጨመቅ የሚወጣው ያ ቡናማ የሚያሟልጭ ነገር እንግዲህ የእነዚህ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ከባዶ ተነስቶ እስኪደራጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በረኪና በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

አንድ የእንቁጣጣሽ ማግስት የተጠራሁት ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነበር። ኦስካር የሚባል ዝርያ የሆነውን ዓሣቸውን ከትንሽነቱ አውቀዋለሁ። አውራ ጣት አክሎ መጥቶ ከስንዝር በላይ ያደገ፣ ጥቁር ገላው ላይ እሳት የመሰለ ብርቱካናማ የፈሰሰበት፣ ጅራቱ ሥር ዓይን የሚመስል ክብ ምልክት ያለው ግሩም ዓሣ ነው። ጋሼ ማታ ሲገቡ ወደ መስተዋቱ ይመጣል፤ እኔ ስጠጋ ግን ወደ ኋላ ይል ነበር።

ያን ዕለት ገንዳው ከመጽዳቱ የተነሳ መስተዋት ያለው አይመስልም። ኦስካሩ ጥግ ይዞ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ክንፎቹን ሰብስቧል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ የስንጥቡ ክዳን ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጠርዙ ተቆጥቶ መቅላቱ ይታያል። ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት የአሞኒያ መመርመሪያ ደማቅ አረንጓዴ ሆነ። የቤቱ ሠራተኛ በር ላይ ቆማ «እኔ እኮ እንዲያምርለት ብዬ ነው» አለች። አመንኳት። ውሃውን አሟጣ ደፍታ፣ ጠጠሩን ጥርት እስኪል እንደ ሩዝ አጥባ፣ ስፖንጁን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ገንዳውን በቀጥታ ከቧንቧ ሞልታዋለች። ዕቃ እንዲህ ነው የሚታጠበው፤ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራት የለም። በዚያ ላይ የበዓሉ እንግዳ ሁሉ ዳቦ እየቆረሰ፣ ሥጋ እየመተረ ሲጥልለት ውሏል።

ምግብ አስቆምኩ፣ የአየር ፓምፕ ጨመርኩ፣ ግማሹን ውሃ በተዘጋጀ ውሃ ተካሁ። ክሎሪን አንዴ የበላው ስንጥብ ግን ቶሎ አይድንም፤ ኦስካሩ ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ። ጋሼ እንባቸው መጣ፤ ጎረቤት ደግሞ «ለዓሣ?» አላቸው። በዚህ አልስማማም። ኦስካር የአማዞን ተወላጅ ቢሆንም ከእኛው ቆሮሶ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ናቸው። በሳህን ላይ የለመድነው ዓሣ ዘመድ የሚያበላውን ሰው ይለያል፣ በወጉ ከተያዘም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ያን ያህል ጊዜ በየማታው ለተቀበለህ ፍጡር ማዘን ደግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ስህተቱ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ከ6 ብዙም አያልፍም። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሲቆም በውስጡ ያለው ባክቴሪያም ይታፈናል። የውሃውም ምንጭ አንድ አይደለም፤ የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ በባሕርይ ይለያል። ይህ የሚያሳስበኝ በፒኤች፣ በውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ የተነሳ ነው። ፒኤች 7 ላይ ከአሞኒያው መርዛማ መልክ የሚይዘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 8 ላይ ግን ወደ አምስት እጅ ይጠጋል። የአሞኒያው መጠን ሳይጨምር ውሃው ብቻ ተለውጦ ዓሣ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ስፖንጅ የማጥበው ከገንዳው ራሱ በቀዳሁት ውሃ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ፣ ቡናማ ሆኖ ቢቀር ግድ የለኝም። ስፖንጅ በታጠበበት ሳምንት ጠጠር አልነካም። በአዘቦት ጊዜ ውሃ ከሩብ በላይ አልቀይርም። የሚገባውም ውሃ በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑ የጠፋለት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተስተካከለ መሆን አለበት፤ የቧንቧችን ውሃ 25 ዲግሪ ለለመደ ዓሣ በረዶ ነው። ባልዲው ደግሞ በረኪናም ኦሞም ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ይህን ሁሉ የምነግረው ለአባወራው ሳይሆን ባልዲውን ለምታነሳው ሰው ነው።

ጋሼ በዚያው ሳምንት ሌላ ኦስካር ሊገዙ ፈለጉ። ሻጭ ቢሆን ገንዳውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ይሸጥላቸው ነበር፤ እኔ ቆዩ አልኳቸው። ጤነኛ ከሆነ ሌላ ገንዳ አሮጌ ስፖንጅ ወስጄ፣ እንዳይደርቅ ከራሱ ውሃ ጋር በላስቲክ ቋጥሬ ሳልዘገይ አደረስኩና ፊልተራቸው ውስጥ ከተትኩት። ባክቴሪያው ከባዶ ከሚነሳ እንዲህ ዘር ቢያገኝ ጊዜው በብዙ ያጥራል። ዘሩም ቢሆን ካልተመገበ ስለሚሞት ሠራተኛዋ በየቀኑ ቆንጥራ የዓሣ ምግብ ባዶው ገንዳ ውስጥ ትጥላለች። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ላይ ሲረጉ ትንሽ ኦስካር እናስገባለን።